አንድ ወንበር የተረፋት መኪና

ግቢ ሰይዳ፣ ግቢ እንጂ፣ ደጃፍ ላይ እንደ እንግዳ አትቁሚ። እዚያች ቁርበት ላይ አረፍ በይ፤ ወንበሩንማ ታሂር የመኪና ዕቃ ከምሮበታል። ድምፅሽን ብቻ ቀስ አድርጊልኝ፣ ከመጋረጃው ኋላ የተኛች አለች። የዛሬው ነፋስ ደግሞ ለጉድ ነው። ከማለዳ ጀምሮ አቧራውን ከዞብል በኩል እያመጣ ይደፋብናል፤ ጠረግሁት ስል መልሶ ያለብሰኛል። ዶሮዎችሽ ደህና ናቸው? የኛይቱ እንቁላል ከተወች ሰነበተች፣ እሷም ዘመኑ ገብቷት ነው መሰል። አንቺስ ከሳሽ ልበል? … አይ፣ ሻሹ ይሆናል። ጥቁር ሻሽ ያከሳል።

ባለቤትሽ እንዴት አደረ? … አልለቅም አለው? ውይ። ያ ግርሻ የሚሉት ትኩሳት መሆን አለበት፤ ተወኝ ሲሉት ዞሮ የሚመጣው። ቁስል አሳሪው ድሬሰርም ደሴ ሆስፒታል ይወሰድ አለ? እውነቱን ነው፣ እሱ ከአስፕሪን በቀር ምን አለው። ታዲያ የጭነት መኪናችሁስ? … አስመራ ሄዶ አልተመለሰም። እህ። አውቶቡሱም ተኝቶ የሚሄድ ሰው አይጭንም። ስለዚህ… የኛን እንቁራሪት ፈልገሽ መጣሽ።

አትሽኮርመሚ እቴ። ጎረቤት ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል? መኪናዋ ጓሮ ቆማለች። ታሂር ቤንዚን ፍለጋ እንደወጣ ነው፣ አሁን ይመጣል። ቁልፏ ግን ይኸው፣ እኔ አንገት ላይ ነው። እሱ ለጠየቀው ሁሉ እሽ ስለሚል ቁልፉን እኔ እንድይዝ ተስማማን። እሽ ማለት ለሱ፣ እምቢ ማለት ለኔ ተከፋፈልን ማለት ነው። እስኪመጣ ድረስ ታዲያ ስለ መኪናዋ ላጫውትሽ። መቼም የምትሳፈሩባትን ማወቅ አለባችሁ። ደግሞ የሞኝ ወሬ ልብ ያሳርፋል፣ ሞኞቹ እኛ ነን፣ አትሳቀቂ፣ ሳቂብን።

እኛ ቤት የታሰበው ወፍጮ ነበር። ታሂር ከልብስ ስፌቱ፣ እኔ ከበርበሬዬ እየቆነጠርን ያስቀመጥነው፣ በላዩ ላይ እናቴ የተወችልኝ የአንገት ብር ተሸጦ የተጨመረበት፣ ሁሉም ለአንድ ያገለገለ የወፍጮ ሞተር ነበር። ኮቦ ላይ ሁለተኛ ወፍጮ ተክለን እኔ ዱቄት ለብሼ ባለጸጋ ልሆን። አምና፣ በልጉ ከመቅረቱ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ በል ደሴ ሂድና ሞተሩን ይዘህ ና አልኩት። ሄደ። ሰንብቶ አንድ ቀን መንደሩ ሁሉ ሲንጫጫ ብሰማ ወጣሁ። ሞተሩን ይዞ መጥቷል፣ አልዋሸም። ብቻ ሞተሩ ዙሪያውን መኪና ነበረበት።

ቀይ። ሁለት በር። ጣራዋ ሸራ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው። ለሩጫ የተሠራች ናት፣ ስፖርት መኪና ነው የሚሏት አለኝ፣ ከግንባሩ ላቡን እየጠረገ። ኋላዋን ከፈተልኝ፤ አንድ ቁና ማሽላ አይገባባትም። መቀመጫዋ ሁለት ነው፣ አንዱ የራሱ የነጂው። ይቺ አንዲቱስ ወንበር ለማን ናት ብዬ ብጠይቀው ለተሳፋሪ አለኝ። ለካስ ከኮቦ ወልድያ ሰው እያመላለሰ ሊያተርፍ ኖሯል። አንድ፣ አንድ ሰው እያደረገ።

እንዴት እንዳገኛት ልንገርሽ። ደሴ አንድ ጋራዥ በር ላይ ያገለገሉ መኪኖች ተደርድረው ይሸጣሉ። ጭነት የሚችለውም ሰው የሚችለውም ከታሂር ኪስ በላይ ሆነ። እሷ ብቻ፣ ሰውም ጆንያም ስለማትጭን፣ ፈላጊ አጥታ ጥግ ቆማለች። ባለቤቷ አገሩ ሊገባ የተነሣ ጣልያን፣ የመንገድ መሐንዲስ ነው። የጠየቀውም ልክ የወፍጮ ሞተሩን ዋጋ። ታሂር ታዲያ አይቶ ልቡ ቀረ። የኛ ሰው በጉብዝናው መንገድ ሥራ ላይ ሮሎ የሚሉትን፣ ያን መንገድ የሚደመድመውን ከባድ መኪና፣ ይነዳ ነበር፤ መሪ ከጨበጠ ሌላ ነገር አይታየውም። አርባ ዓመት የሞላው ወንድ ልቡ ሲቀር ምን ይደረጋል?

የመረመራትማ እንደ በቅሎ ነው። ዞራት፣ ተመልሶ በሌላው ጎን ዞራት። ኮቴዋን ልይ ብሎ ጎማዋን አንድ በአንድ ረገጠ። ገጣባ እንዳይኖርባት ከወንበሩ ሥር እጁን ሰዶ ዳሰሰ። ጎንበስ ብሎ የፊት ፍርግርጓን አየ፣ ጥርስ መሆኑ ነው። ከዚያ እስቲ አስኪዳት አለው። ጣልያኑ ነዳት፣ ታሂር ታነክስ እንደሆን ብሎ ከኋላ ከኋላዋ እየሮጠ አየ። አላነከሰችም። ዘይት ትጨርስ እንደሆን፣ ፍሬኗ ይይዝ እንደሆን መጠየቁ ትዝ አላለውም። በቅሎ ዘይት አትጠጣም።

ታላቁ ጉድ ግን ርክክቡ ላይ ነው። ጣልያኑ ኋላዋን ከፍቶ መጎተቻ ገመዷን፣ መኪና የሚነሣበትን ክሪክና መጠባበቂያውን ስኮርታ ጎማ አሳየውና ያንተ ነው ውሰድ አለው። ታሂር እጁን ሰበሰበ። በኛ ገበያ ከብት ሲሸጥ ገመዱ ለሻጭ እንደሚቀር አንቺም ታውቂያለሽ፤ ገመዱን ያስከተለ ሻጭ በረከቱን አስከተለ ይባላል። እኔ የሰው በረከት ይዤ አልሄድም አለ። ጣልያኑ ለመነው፣ ታሂር ወላሂ ብሎ ማለ። ጎማውን በግድ ተቀበለ። ገመዱንና ክሪኩን ግን መርቆ፣ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣ ትቶለት መጣ። ያ ጣልያን እስከ ዛሬ አገሩ ተቀምጦ ያን ገመድ እያየ ሳይደነቅ አይቀርም።

ብልህ ሰው እንዲህ አያደርግም። ብልህ ሰው ስል… አንድ ሰውዬ ትዝ አለኝ። ስሙን ተዪው። ኮቦ ላይ ጭነት መኪና ያለው ሰው ብዙ ነው… አንድ ብቻ ነው እንዴ? እኔ መች ቆጥሬ። ያ ሰውዬ መኪናውን ሲገዛ ገመዱን፣ ክሪኩን፣ ሸራውን፣ ሁሉን አሟልቶ ነው የተረከበው። ገመዱን ያየሽው እንደሆነ ክንዴን ያክላል። አያያዙ ደግሞ! ዛሬም አዲስ እንደሆነ ነው፣ አንድ ቀን ለሰው አልተፈታም። ዕቃ መያዝ እንዲህ ነው እያልኩ ለታሂር እነግረዋለሁ።

እኔስ ብትይ? ጥቂት ቀን አኮረፍኩ። ቀጥሎ አንድ የገበያ ቀን ግቢ አለኝ፣ ገባሁ። ጣራዋን ገለጠው። ላልዋሽሽ ሰይዳ፣ ደስ አለኝ። ሽቶዬን ተቀብቼ፣ እንደ ሙሽራ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ወደ ቀኝም ወደ ግራም አላየሁም፣ ሰው ሁሉ እኔን እያየ መስሎኛልና። ታሂር ደግሞ መንዳት የሚያውቀው ሮሎ ነው፤ እሷንም እንደ ሮሎ ነው የሚነዳት። ለሩጫ የተሠራችውን መኪና እንጨት የጫኑ አህዮች ቀድመዋት አለፉ። የሚሮጠው ድምጿ ብቻ ነው። እንቁራሪት የሚለው ስም የወጣላት ያን ዕለት ነው፣ ያወጣው ሰው አፉ ይባረክ።

ራብ ያፈለሳቸውን መጀመሪያ ያየኋቸውም ያን ዕለት ነው። ከገበያው ወጣ ስንል፣ መንገዱ ዳር። ከደጋው የወረዱ አሉ፣ ከቆላው የወጡ አሉ፣ ሁሉም ወደ መንገዱ ነው የመጡት። ቁጭ ብለዋል። ያኔ ገና ጥቂት ነበሩ፣ መጠለያ የሚባልም አልነበረም። አንዲት ሴት እጇን ወደኔ ዘረጋች፣ መኪናዋ ዝቅ ያለች ናትና እጇ ፊቴ ድረስ መጣ። እኔ ሽቶ ሸትቼ ተቀምጫለሁ። ምድር ብትውጠኝ በወደድኩ። ያ እፍረት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም ሰይዳ። ታሂርም አይቷታል። ወረደ፣ ጣራዋን ዘጋው፣ ወደ ቤት ተመለስን።

ከዚያ ወዲያ የመረዳጃ ቅሬያችን ተሰበሰበ። አንቺ ያኔ ወልድያ እኅትሽ ዘንድ ነበርሽ፣ ወሬው አልደረሰሽ ይሆናል። የቅሬው ዳኛ ጋሽ አራጌ ተነሥተው፣ በደንባችን በቅሎ ያለው በቅሎውን ለታመመ ያውሳል፣ እግር ያለው ዕቃ ያለው ሁሉ እንደዚያው ነው አሉ። ሰዉ ወደ ታሂር ዞረ። ታሂር አንገቱን ደፍቶ፣ የኔይቱ እኮ የምትይዘው አንድ ሰው ነው አለ፣ እንደ ጥፋት። ጋሽ አራጌም «አንድም ሰው ነው» አሉት። በዚሁ አለቀ። ወፍጮ የታሰበልን ሰዎች የበሽተኛ በቅሎ ሆነን ቀረን።

ሽማግሌዎቹ ያን ሰውዬም ሊጠይቁ ሄደው ነበር። መስተንግዶውን ሲያወሩ አይጠግቡም። ምንጣፍ ላይ አስቀመጣቸው፣ ቀዝቃዛ ውኃ ሰጣቸው፣ ከውኃው ቀጥሎ ምክር ሰጣቸው። ምክር ላይ መቼም ቸር ነው። የኔ መኪና እህል ነው የምትጭነው፣ የበሽተኛ ላብ እህሉን ያበላሻል፣ ቅማሉም ጆንያው ውስጥ ይገባል፣ ያን እህል የሚበላ ሰው ይታመምብኛል አላቸው። እስቲ አስቢው፣ አስመራ ላይ የተቀመጠውን በላተኛ ጤና ከዚህ ሆኖ የሚያስብ ሰው። እኛ ደጃችን ከወደቀው ሌላ አርቀን አናይም። አርቆ ማየት ይሉሻል ይሄ ነው።

ደግሞ አሳቢነቱ። መጠለያው ከተሠራ ወዲህ፣ በዚያ በኩል ሲያልፍ ሸራውን አጥብቆ ነው የሚያስረው፣ አንዲት ፍሬ ማሽላ አትታይም። የራበው ሰው አይቶ እንዳይጎመጅ ይሆናል እንጂ ሌላ ለምን ይሆናል? የሰው ሆድ እንዲህ የሚገባው ስንቱ ነው? …

የኛ ሰው ግን ይኸን ሁሉ አያውቅም። ጠዋት ወጥቶ አንድ ሰው ይዞ ይገባል። ከሮቢት ያመጣል፣ ከጎብዬ ያመጣል፣ ከዋጃ ያመጣል፤ አንዳንዴ እናት ከነልጇ በዚያች ወንበር። ሰው ስታስቀምጡባት ማንሣት አያስፈልግም ይላል፣ ዝቅ ያለች ስለሆነች የደከመ ሰው ከመሬት ቀጥታ ይንሸራተትባታል፣ የሠሩዋት ለታመመ አስበው ነው ይላል። ለሩጫ የሠሩዋት ሰዎች እንዳይሰሙት። ቤንዚኑን ቅሬው ያዋጣ ነበር፣ ቅሬው ሲያጣ ጊዜ ታሂር የስፌት መኪናውን ሸጠ። እኔ ነኝ ተሸክሜ ያወጣሁለት፣ እየተሳደብኩ። ይኸውልሽ አሁን መኪና አለን፣ ሥራ የለንም።

ሲመለስ ደጅ ላይ ልብሱን አስወልቄ እቀቅላለሁ። ቅማል ነዋ። ከዚያ ወንበሯን አጥባለሁ። እንደ አቅሜ ነው የማጥበው፣ ቆዳው ላይ የቀረ፣ ውኃ የማያስለቅቀው ነገር አለ።

ኋላ የዋጃው ቀን መጣ።

ይሄን እንኳ ላወራው አላሰብኩም ነበር… ግን ጀመርኩት። ደጋው ላይ ዘንቦ ኖሮ ጎርፉ ሌሊቱን ወርዶ፣ ዋጃን ወጣ እንዳልሽ ያለውን ደረቅ ወንዝ አሸዋ ሞልቶት አድሯል። ታሂር ከዋጃ አንዲት አራስ ይዟል፣ ልጇን አቅፋለች። ወደ ኮቦ ሲል እንቁራሪቷ አሸዋው መሃል በሆዷ ተቀመጠች። ጎማዎቿ ይዞራሉ፣ እሷ ወዴትም የለች። ገመድ? ደሴ ነው። ክሪክ? ደሴ ነው። ሰውየው ወርዶ በእጁ ይምስ ጀመር። ፀሐዩን ታውቂዋለሽ። ልጅቱ ታለቅሳለች፣ እናቲቱ ዝም ብላለች።

ጥቂት ቆይቶ ከኮቦ በኩል የጭነት መኪና ድምፅ መጣ። ታሂር አልሃምዱሊላህ ብሎ መሃል መንገድ ቆመና ሁለት እጁን ዘረጋ። ያ ሰውዬ ነው፣ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጧል። ቆመ። ቆሟል፣ ሰው አልማም፤ ሰላምታም ሰጥቷል። ታሂር በሽተኛ ይዣለሁ፣ ገመድህን ለቅጽበት አውሰኝ አለው። እሱም አንዴ እንቁራሪቷን፣ አንዴ ወንበሯ ላይ ያለችውን ሴት አየና ምን አለው መሰለሽ?

«የሩጫ መኪና ይዘህ ጎትቱኝ ትላለህ እንዴ ታሂር?»

ብሎ ሳቀ። መስኮቱን ዘጋ፣ ሄደ። ጨዋታ ያውቃል። ታሂርም አብሬው ሳቅሁ አለኝ፤ ግራ ሲገባው ይስቃል፣ አመሉ ነው። አቧራው እስኪሰክን እጁን እንደዘረጋ ቆሞ ነበር።

ከዚያ ማን ተነሣ መሰለሽ? ወንዙ ዳር ግራሩ ሥር የተቀመጡት። እነዚያ አጥንታቸው የሚቆጠረው፣ ታሂር ነገ ከነገ ወዲያ መጥቼ እወስዳችኋለሁ ያላቸው። ማንም ሳይጠራቸው ወረዱ። ጥምጣማቸውን ፈቱ፣ ከአንድ ጋቢ ሌላ የሌለውም ጋቢውን አወረደ፣ ገመዱት፣ እርስ በርሱ ቋጠሩት፣ ከመኪናዋ ግንባር አሰሩት። ራቁት ትከሻቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ጎተቱ። ከኋላ የሚገፋው ወደቀ፣ ተነሥቶ ገፋ። ደግነቱ ቀላል ናት እንቁራሪቷ፣ ያ ሰውዬ እንዳለው የሩጫ ናት። ወጣች።

ያን ዕለት ነው የሮጠችው። ያ ሮሎ ነጂ፣ አህያ የሚቀድመው ሰው፣ ከዋጃ ኮቦ በረረ አሉ። ያየው ሁሉ ሰይጣን የጋለባት ነው የመሰለው። ልጅቱ ስታለቅስበት እያንጎራጎረላት ነው የመጣው፣ እናቲቱ እንቅልፍ የወሰዳት መስሎት። መጠለያው በር ሲደርስ በሩን ከፍቶ፣ ነይ ደርሰናል አላት።

አልመለሰችለትም ሰይዳ። ድሬሰሩ ትንሽ ቀደም ብትሉ ኖሮ አለ። ድሬሰር እንዲህ ማለት ይወዳል፣ ለሚሰማው አያስብም። አሲያ እንደምትባል እንኳ የሰማነው ከቀበርናት በኋላ ነው። ያቻት ልጇ፣ ከመጋረጃው ኋላ። የሚያነሣት ዘመድ እስኪገኝ ብለን ነበር፣ ዘመድ አልተገኘም፣ አሁንማ ቢገኝም አልሰጥ።

እና ማንን ወቀስኩ? ታሂርን። ገመዱን ትተህ የመጣህ አንተ ነህ፣ የጣልያኑን በረከት አላስከትል ብለህ የሰው ነፍስ አስከተልክ አልኩት። ይኸን ተናግሬዋለሁ፣ በዚህ አፌ። ሰው ሲጎዳ አጠገቡ ያለውን ነው የሚነክሰው። እሱም ወጥቶ ወንበሯን ሊያጥብ ሄደ። ያ ሰውዬማ ምን አጠፋ? ገመዱ የራሱ ነው። ጊዜው የራሱ ነው። ሳቁም የራሱ ነው…

ምነው ተነሣሽ? ተቀመጪ እንጂ። አንቺን አልኩሽ? ያንቺን ባለቤት ማለቴ መሰለሽ? ሱብሃነላህ። ያንቺ ባለቤት እንዲህ ያደርጋል? ጎረቤቴ አይደል፣ አላውቀውም? ያ ሌላ ሰው ነው። አብሽሪ፣ እንባሽን ጥረጊ፣ የሰው ወሬ እንዲህ ልብሽን አይንካው።

ያ የታሂር ኮቴ ነው። ቤንዚኑን አግኝቷል ማለት ነው፣ ባያገኝ ቀስ ብሎ ነበር የሚመጣ።

እንቺ፣ ቁልፉ ይኸውልሽ። ላልዋሽሽ፣ ስትገቢ ሳይሽ እምቢ የሚለውን ቃል ምላሴ ላይ አዘጋጅቼ ነበር። ደስም ብሎኝ ነበር፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ቀኑ መጣልኝ ብዬ። ግን ታሂር ለቅሬው ቃል ሲገባ ለታመመ ሁሉ ነው ያለው፣ ማን ነው የታመመው ብሎ አይጠይቅም። እኔ ብጠይቅ ደስ ይለኝ ነበር። እሱ አዝኖብኝ ዓይኑን ቢደፋ ደግሞ ቤቱ አይጥመኝም።

አንድ ነገር ልንገርሽ ብቻ። የዛሬው ተራ የሮቢት ነው። አንዲት ሴት ከትናንት ጀምሮ መንገድ ዳር ትጠብቃለች፣ እሷም ለሆስፒታል የተባለች ናት፣ በመንገዳችሁ ናት። ጥለናት አናልፍም፤ እኛ ማለፍ አልተማርንም። ስለዚህ ባለቤትሽና እሷ ያችን ወንበር ይካፈሏታል። ትኩሳቱ አቅጥኖት የለ? እሷም አንድ እፍኝ ናት፣ ይበቃቸዋል። ቅማሏን እንግዲህ… በዚህ ጊዜ ማን ቅማል የለውም ይባላል? ጋቢውን ለሁለት ይልበሱት፣ ለትኩሳት ሙቀት ደግ ነው። ወንበሩን ዛሬ ጠዋት አጥቤዋለሁ፣ አሲያ የተደገፈችበትን ጎን ደግሞ ደጋግሜ። ሌላ ወንበር ቢኖረን የሱ ለብቻው በሆነ፤ ምን ይደረግ፣ ባለ ሁለት ወንበር መኪና የገዛን ሞኞች ነን። አንቺም የምትቀመጪበት የለም። ከኔ ጋር እዚሁ ትውያለሽ፣ ያለችንን ቂጣ ተካፍለን።

ገመድ ደግሞ አታስቢ። አሁን አለን። ከወንበሩ ኋላ የተጠቀለለው ያ የጥምጣሙ ገመድ ነው፣ እንደተቋጠረ። ታሂር በማግስቱ ለባለቤቶቹ ሊመልስ ዋጃ ድረስ ሄዶ ነበር። ግራሩ ሥር ማንም አልነበረም።

በይ ሂጂ፣ አልብሰሽ አምጪው። ቆይ፣ ባዶ አልሸኝሽም፣ ልመርቅሽ። እጅሽን ዘርጊ… ሁለቱንም። አላህ ባለቤትሽን ይማርልሽ። ትኩሳቱን ያውርድለት፣ በእግሩ ቆሞ በዚህ ደጅ ሲያልፍ ያሳየን። መንገዱን ያቅናለት፣ ወንዙን ያድርቅለት፣ ሮቢት ላይ የምትጨመረዋን ሴት ትከሻ ለራሱ ትራስ ያድርግለት። አሸዋ እንኳ ቢይዛቸው፣ ታሂር ወርዶ መሃል መንገድ ላይ ሁለት እጁን ሲዘረጋ፣ ከወዲያ የሚመጣው ባለመኪና ያ ሰውዬ እንዳይሆንበት አላህ ይጠብቀው።

አሚን በይ እንጂ ሰይዳ።